ከቡጢው ጀምሪው

የተከላካዩ ጥርስ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ግድግዳ ከመስመሩ ዳር ቆማ እየቀረጸች ስለነበር ሁሉንም በስልኩ መስታወት ነው ያየችው። የማዕዘን ምቱ ተሻማ። የክለባቸው አጥቂ ዶዘር ኳሷን ዞር ብሎም ሳያይ ክርኑን ወደ ኋላ ላከው። ክርኑ የተጋጣሚውን ተከላካይ አፍ አገኘው፤ ልጁ በጀርባው ተዘረረ። ዳኛው ግን ኳሷን ነበር የሚከተለው፤ ኳሷ ደግሞ መረብ ውስጥ ገብታለች።

«ጎል! ጎል በሉ እንጂ!» አባቷ ከተቀያሪዎች ወንበር ዘሎ ተነሳ።

የወደቀው ልጅ አፉን በሁለት መዳፉ ይዞ ሲቀመጥ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይንጠባጠብ ነበር። አንድ ጓደኛው ተንበርክኮ በሣሩ ውስጥ ጥርሱን ይፈልጋል። ዶዘር ደግሞ ማልያውን አውልቆ እያውለበለበ ወደ ደጋፊዎቹ ሮጠ።

ግድግዳ ቅጽል ስሟ ነው። አምስት ዓመቷ ሳለ አባቷ ኮሪደሩ ላይ በተጠቀለለ ካልሲ ጎል ሊያገባባት ሞክሮ ሞክሮ አቃተውና «ይቺ ልጅ ሳትሆን ግድግዳ ናት» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የክለቡ የሴት ታዳጊዎች ቡድን በረኛ ናት። አባቷ የወንድ ታዳጊዎቹ ምክትል አሰልጣኝ ነው። የክለቡን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው። እሷ ትቀርጻለች፣ ፎቶ ትመርጣለች፣ ቪዲዮ ትቆርጣለች፤ እሱ ይጽፋል።

የቅዳሜውን ጽሑፍ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የጻፈው። «ይሄ ነው ወንድ ልጅ! ለማልያው የሚዋደቅ፣ ማንንም የማይፈራ! ዶዘራችን መንገዱን ጠርጎ ገባ!» አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የክለቡ ወጌሻ ከሥሩ «ለጥርሱ የጥርስ ሐኪም አለለት፤ ለጎሉ ግን መድኃኒት የለውም» ብሎ አከለበት። የትጥቅ ኃላፊው የሳቅ ምልክት ደረደረ። ግድግዳም ሳቀች። ማልያ የሚያውለበልበውን ፎቶ የመረጠችው እሷ ነበረች።

እሑድ የሴቶቹ ተራ ደረሰ።

በቀኝ ክንፍ የምትጫወተው ሽቦ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የግድግዳ ጓደኛ ናት። ሽቦ የተባለችው ቀጭን ስለሆነች ነው፤ ሩጫዋ ግን ለተከላካይ አይመችም። የተጋጣሚው ቡድን አራት ቁጥር ይህን ገና በአሥረኛው ደቂቃ ተረዳችና እግሯን መርገጥ ጀመረች። አንድ ጊዜ ረገጠቻት። ደገመቻት። በሦስተኛው የታኬታዋ ጥርስ ቁርጭምጭሚቷ ውስጥ ገባና የሽቦ ነጭ ካልሲ ቀላ። ሽቦ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ለዳኛው አሳየችው።

«ተነሺ፣ ተጫወቺ» አላት ዳኛው።

ከዕረፍት በኋላ ሽቦ ለመከላከል እስከ ግድግዳ የቅጣት ክልል ወርዳ ነበር። ኳሷ ርቃ ሄዳለች፤ ዳኛውም ከኳሷ ጋር። አራት ቁጥር ከኋላ መጥታ የሽቦን ሹሩባ ከሥሩ ጨበጠችና ወደ መሬት ሳበቻት። ሳባ አልተወቻትም፤ ሁለት እርምጃ ያህል ጎተተቻት። ጭንቅላቷ መሬቱን ሲመታ ግድግዳ ድምፁን ሰማች።

ሽቦ ተነሳች። ዐይኗ ደም ለብሶ ነበር። በሙሉ ክንዷ አንድ ቡጢ አሳረፈች፤ የአራት ቁጥር አፍንጫ ፈነዳ። ዳኛው ዞር ያለው ያኔ ነው።

ቀይ ካርዱ ሲወጣ ሜዳው ተደበላለቀ። ይህቺ ያቺን ትገፋለች፣ ያቺ ይህቺን በጥፊ ትላለች። ግድግዳ ልትገላግል ገብታ የማን እንደሆነ ያላየችው ክርን ጎኗን አገኘውና ትንፋሽ አጠራት። ጨዋታው ሲቀጥል አሥር ነበሩ። ሦስት ጎል ገባባት።

«ምናለ ችለሽ ብትተያት?» አለቻት ሽቦን መልበሻ ክፍል ውስጥ ጓንቷን ወለሉ ላይ እየወረወረች።

«ፀጉሬን እኮ ነቀለችው! አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ግን ሦስት ጎል የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ሽቦ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እያነከሰች ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እሱ ጨዋታውን አላየም፤ አንድ ተመልካች የቀረጸውን ቪዲዮ ልኮለት ነው። ሹሩባው ሲያዝ፣ ሽቦ ስትጎተት፣ ቡጢው፣ ሁሉም አለበት።

«ነይማ፣ ይሄን አሳጥሪልኝ» አላት። «ሃምሳ ሰከንድ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ከቡጢው ጀምሪው።»

ግድግዳ ጎኗ ላይ በረዶ ይዛ ነበር። በሽቦ ላይ ያለው ንዴቷም ገና አልበረደም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አንሸራተተች፤ መጎተቱ ጠፋ። «ይኸው» አለችና ልትታጠብ ገባች።

ታጥባ ስትወጣ ተለጥፏል። ከሥሩ የሽቦ ፎቶ ከነሙሉ ስሟ አለ። «አሳፋሪ! ሜዳችን የመንደር ጠብ ማሳያ አይደለም። እንዲህ ያለች ባለጌ ማልያችንን አትለብስም! አስተዳደጓ ያሳዝናል።» ወጌሻው «ወንድ መሆን አምሯት ነው» ብሏል። የትጥቅ ኃላፊው «ማልያዋን ራሴ ነኝ የማስወልቃት» ብሏል። ከዚያ በታች የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። «እኛ እናስተምራት?» «የት ነው የምትማረው?» አንዱ የትምህርት ቤታቸውን ስም ጽፎ መልሶለታል።

ግድግዳ ክው አለች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ባለጌ ብለሃታል እኮ።»

«ታዲያ ቡጢ መሰንዘር ጨዋነት ነው እንዴ?»

«ትናንት ዶዘር የሰው ጥርስ አውልቋል። እሱን ወንድ ልጅ አልከው።»

አባቷ ፈገግ አለ። «እሱማ ኳስ ሲሻማ ነው። የጨዋታ ሙቀት ነው።»

«ኳሷን አላያትም። የቀረጽኩት እኔ ነኝ።»

«የዶዘር ሌላ ነው፣ የኔ ልጅ። ወንዶች እንደዚያ ናቸው። ደግሞ አሸንፈናል።»

«እኔ ብሆንስ የመታኋት?»

«አንቺ አትመቺም።»

«ብመታትስ?»

«በይ አሁን ነገር አታብዢ» አለና ፈገግታውን ሰበሰበ። «ነገ ሰው ሌላ ወሬ ያገኝና ይረሳዋል።»

እሱ ይህን ሲል ከጽሑፉ ሥር አንድ አዲስ አስተያየት ብቅ አለ። ከሽቦ ነው። «ከመጀመሪያው አሳዩት» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። አባቷ እንደ ተራ ሥራ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና አጠፋው። ተጫዋች ስለ ክለቡ ምንም እንዳይጽፍ ዓመቱ ሲጀመር ሁሉም ፈርመዋል። ወጌሻና የትጥቅ ኃላፊ ግን አልፈረሙም፤ ማንም ፈርሙ አላላቸውም።

ግድግዳ «የቆረጥኩትን መልሰው» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው።

ሰኞ ሽቦ ኮፍያ ደፍታ ትምህርት ቤት መጣች። ቀኑን ሙሉ ወንበሯን ቀይራ ከኋላ ተቀመጠች። ልጆቹ ስልክ እየተቀባበሉ ቡጢውን ደጋግመው ያዩታል፤ አንዱ ባለፈች ቁጥር አፍንጫውን ይዞ «ወየው!» ይላል። የመውጫው ደወል ሲደወል ግድግዳ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዋ ሆና ተከተለቻት። ምን እንደምትላት አታውቅም። የመጀመሪያውን ቃል እየፈለገች ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የመኪና ጋራዡ አጥር ሥር፣ ሦስት ወጣቶች የክለቡን ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ተደግፈዋል። አንዱ ስልኩን አየ፤ ቀና ብሎ ሽቦን አየ፤ መልሶ ስልኩን አየ።

«እሷ ናት» አለ።

ሽቦ ለመሮጥ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የቻለችው፤ ቁርጭምጭሚቷ ከዳት። ረጅሙ ኮፍያዋን ገፎ ጣለና በጥፊ አጮላት። ሁለተኛው ፊቷን በቡጢ መታት። ግድግዳ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች፤ ሽቦ በጉልበቷ ወደቀች፤ ከዚያ በጎኗ። ሦስቱም በጫማ ተረባረቡባት። ሆዷን፣ ጀርባዋን፣ ራሷን የሸፈነችበትን ክንዷን።

«ባለጌ ማልያችንን አትለብስም!» ይላል ረጅሙ፤ በአንድ ርግጫ አንድ ቃል። «ባለጌ! ማልያችንን! አትለብስም!»

ግድግዳ አባቷን የሰማች መሰላት።

አሥሩን እርምጃ እንዴት እንደጨረሰችው በኋላም ማስታወስ አልቻለችም። አጥቂ እግር ሥር እንደምትገባው ሁሉ በሆዷ ወደቀችና ሁለት እጇን በሽቦ ራስና በጫማው መሀል ዘረጋች። ጫማው ቀኝ እጇ ላይ አረፈ። ጣቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንቋቋ። ጮኸች። ሁለተኛው ርግጫ ትከሻዋን አገኘው። ሦስተኛውን ለመቀበል ዐይኗን ጨፍና ጥርሷን ስትነክስ የጋራዡ በር በኃይል ተከፈተ፤ መካኒኮቹ የያዙትን ብረት እንደያዙ እየጮኹ ወጡ። ሦስቱ ልጆች በረሩ።

ሽቦ አፏን መግጠም አልቻለችም። የምታየው ግድግዳን ነበር፤ ግን የምታውቃት አትመስልም።

ሆስፒታል ውስጥ የሽቦ መንጋጋ በሁለት ቦታ መሰበሩ ታወቀ። የግድግዳ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል፤ እጇን እስከ ክርኗ በጀሶ አሰሩላት። አባቷ ኮሪደሩን እየሮጠ መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ጀሶውን ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ማነው? ማን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ! እጁን ነው የምቆርጠው! ልጄን የነካ እጁን ነው የምቆርጠው!»

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የሽቦ እናት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በደም የተበከለ የደንብ ልብስ ሹራብ ይዛለች። አባቷ አላያትም።

«ያንተ ልጅ ባትኖር የኔዋ ሞታ ነበር» አለች የሽቦ እናት፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እሷን እግዜር ይባርካት። አንተን ግን...» አልጨረሰችውም። ሹራቡን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው።

አባቷ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ግድግዳ ከጀርባው አወቀች፤ ትከሻው ወደ ስልኩ ጎብጧል። የእሑዱን ጽሑፍ አጠፋው። በቦታው አዲስ ጻፈ። «ልጄን የደበደቡ አውሬዎች ለፍርድ እስኪቀርቡ አንተኛም! በሕፃን ላይ እጅ ማንሳት ወንድነት አይደለም!» ወጌሻው የልብ ምልክት ላከ። የትጥቅ ኃላፊው «ጀግናችን ግድግዳ» አለ። ስለ ሽቦ አንድም ቃል የለም።

ሐሙስ ልትጠይቃት ሆስፒታል ሄደች። የሽቦ ፊት አብጦ ዐይኖቿ ጠበዋል፤ መንጋጋዋ ስለታሰረ መናገር አትችልም። ስልኳ ላይ እየጻፈች ታሳያለች።

«እጅሽስ?» ብላ ጻፈች።

«ይድናል። ሁለት ወር ነው።»

ሽቦ እንደገና ጻፈች። «አንድ ነገር አልገባኝም። ከሜዳው ዳር የቀረጸውን ልጅ አግኝቼው ነበር። ሙሉውን ነው የላክሁት አለኝ። ፀጉሬን የጎተተችኝ የት ሄደ?»

ግድግዳ መዋሸት ትችል ነበር። ከዚህ በፊት የሽቦን እርሳስ ሰብራ ዋሽታ ታውቃለች፣ ልደቷን ረስታ ዋሽታ ታውቃለች። አሁን ግን ያ ያበጠ ፊት እያያት ነበር።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች። «አባዬ ከቡጢው ጀምሪው አለኝ። ተናድጄብሽ ስለነበር... ምን እንደሚጽፍ አላወቅሁም። ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሽቦ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ አንዲት ቃል ጻፈችና ስልኩን አዞረችላት። «ውጪ።»

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሆድ ባሳት፤ ግን ማልቀስ እንኳ የሚገባት አልመሰላትም።

በማግሥቱ የሴቶቹ አሰልጣኝ ደወለችላት። ቅዳሜ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሽቦን ለመክሰስ ይሰበሰባል፤ አንደኛው ጥፋቷ ቡጢው ነው፤ ሁለተኛው በክለቡ ገጽ ላይ አስተያየት መጻፏ። «ሊያሰናብቷት ነው ያሰቡት» አለች አሰልጣኟ። «ያየሽውን የሚናገር ሰው ያስፈልገኛል። ግን አልዋሽሽም፤ ከተናገርሽ የአባትሽም ወንበር ይነቃነቃል። አስቢበት።»

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ ከኋላዋ ቆሟል። በእጁ አዲስ ማልያ ይዟል።

«ይሄን ልበሺና በጀሶሽ አንድ ፎቶ ላንሳሽ» አላት። «ግድግዳችን አልፈረሰችም ብዬ ነው የምጽፈው። ሰው ሁሉ ስላንቺ እየጠየቀ ነው እኮ።»

«አባዬ፣ ሲረግጡን ምን እያሉ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ምን አሉ?»

«ባለጌ ማልያችንን አትለብስም።»

ማልያው እጁ ላይ ቀረ።

«በያንዳንዱ ርግጫ ነበር የሚለው» አለች። «ጣቴን ሲሰብረው "አትለብስም" የሚለው ላይ ደርሶ ነበር።»

«እሱማ... ስንት ሰው የሚለው ቃል ነው» አለ አባቷ።

«ያንተ ቃል ነው። ደብድቧት አላልክም፤ አውቃለሁ። ግን ዶዘርን ሲሆን ወንድ ልጅ አልክ። እኔን ሲሆን እጁን እቆርጣለሁ አልክ። ሽቦን ሲሆን...»

«በቃ!» ብሎ ጮኸና ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ብርጭቆው ተንከባሎ ወደቀና ተሰበረ። አባቷ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን በእጁ መልቀም ጀመረ። መዳፉ ተቆርጦ ይደማ ነበር፤ እሱ ግን መልቀሙን አላቆመም።

«ተወው፣ መጥረጊያ ላምጣ» አለችው።

«አንቺ አትንኪ፣ ጣትሽ...» አለና ጀሶዋን አየ።

ቅዳሜ ጠዋት የክለቡ ቢሮ ኮሪደር በቀለም ይሸታል። ግድግዳ አሰልጣኟ በሰጠቻት ሰዓት ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በስንጥቁ ረጅሙ ጠረጴዛ ይታያል። በአንድ በኩል ሽቦና እናቷ ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል ወጌሻው ከትጥቅ ኃላፊው ጋር እየተሳሳቀ ወንበር ይስባል። ሽቦ ወደ በሩ ቀና ብላ ግድግዳን አየቻት፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም፤ መልሳ አቀረቀረች።

አባቷ ደረጃውን ቀስ እያለ ወጣ። መዳፉን በፋሻ ጠቅልሏል። አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ሁሉንም ልትናገሪ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«እኔ የጻፍኩትንም?»

«አዎ። እኔ የቆረጥኩትንም።»

አባቷ የግድግዳ ጃኬት ዚፑ ክፍት እንደሆነ አየ፤ በአንድ እጇ መዝጋት አቅቷት እንዲሁ ነው የመጣችው። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጫፎች አገጣጠመና፣ ጀሶዋን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ እስከ አገጯ ድረስ ሳበላት።

«ይበርዳል እዚህ ቤት» አለ።

ግድግዳ በግራ እጇ በሩን አንኳኳች። «ግቢ» አለ የሰብሳቢው ድምፅ። ገባች። አባቷ ይከተላት አይከተላት ዞራ አላየችም።